ቀብድ ከፍዬ ሐሳቤን ቀየርኩ፤ መኪናውን መመለስ ይቻላል?

ጥያቄውን ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት ሰኞ ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ቅዳሜ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርጄ ቪትዝ ገዛሁ። ነጭ፣ የ2002 ሞዴል፣ አንድ ሺህ ሲሲ፣ ኮድ 2። በ1 ሚሊዮን 650 ሺህ ብር ተስማማን። 100 ሺህ ሰጠሁ። ቀሪውን በ10 ቀን ውስጥ ከፍዬ ስም ልናዛውር በሦስት ምስክር ፊት ፈረምን። መኪናውም ሊብሬውም ባለቤቱ ጋ ቀሩ። እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ መኪናውን አልፈለግሁትም።

ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ሰውየው ዋጋ አልጨመረብኝም፣ ክፉም አልተናገረኝም። ገንዘቡ ግን ለቤታችን ጣሪያ የተቀመጠ ነበር። ቅዳሜ ልወርድ ስል ባለቤቴ ቡና እየቆላች «አንተ ታውቃለህ» ብላኝ ነበር። ባለትዳር የሆነ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። እኔ ያን ቀን እንደ ፈቃድ ቆጠርኳት። ከቤቴ እስከ ሥራዬ ደግሞ በእግር 15 ደቂቃ ነው። ባጃጅም አለ።

የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ስም ገና ስላልዞረ ውሉን ሰርዤ 100 ሺህ ብሬን መቀበል እችላለሁ ወይ? እስከ ቀጣዩ እሑድ 41 መልስ መጣ። ስም ሳልጠራ በቁጥር ላውጋችሁ።

1ኛው መልስ ሰላምታ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ የደሴን ብርድ ጠይቆ፣ አብሽር ብሎ፣ ዱዓ አድርጎልኝ ሲያበቃ ፈርሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። 2ኛው መፈረሜን ጥያቄው ውስጥ እንደጻፍኩ በትሕትና አስታወሰው። 3ኛው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሄደ፦ ስም ካልዞረ ውል የለም፣ ሄጄ ገንዘቤን ልቀበል። ደስ አለኝ። ደስታዬ ሃያ ደቂቃ ቆየች።

4ኛው ጠበቃ ነው። 3ኛውን አረመው፤ አነጋገሩ ረጋ ያለ ቢሆንም አላዘነለትም። ስም ማዛወር ባለቤትነቱ የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው፤ ውሉ ግን ተስማምተን የፈረምን ዕለት ተወልዷል አለ። ከዚያ ወደ ቀብድ ገባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይናገራል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል። የተቀበለም መውጣት ይችላል፣ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ሐሳቡን የቀየረው ሻጩ ቢሆን ኖሮ እኔ 200 ሺህ ብር እቀበል ነበር ማለት ነው። የቀየርኩት እኔ ስለሆንኩ 100ው ቀረ። ሕጉ ለስሕተት፣ ለማታለልና ለማስገደድ ቦታ አለው፤ በእነዚህ ምክንያት ውል ይፈርስልኝ የሚል ሰውም ምክንያቱ በቀረ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ተጸጸትኩ ለሚል ሰው ግን አንቀጽ የለውም ብሎ ጨረሰ።

5ኛው የውሉን ፎቶ ስም ሸፍኜ እንድለጥፍ ጠየቀ። ለጠፍኩ። ከደብተር የተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት ነው። ጥግ ላይ የቡና ስኒ ቂጥ ክብ አትሞበታል። ጸሐፊው ደላላው ነው፣ እጅ ጽሑፉ ያምራል። ከታች እንደተለመደው ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው ይላል። ከእሱ በላይ ባለው መስመር ውሉን ያፈረሰ ወገን 50 ሺህ ብር ለውል አክባሪው፣ 50 ሺህ ብር ለመንግሥት ይከፍላል የሚል አለ። ስፈርም ይህን መስመር አላየሁትም። አይቼው ይሆናል፤ አላነበብኩትም።

6ኛው ዓይኑ የተሳለ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀብድ የሚል ቃል የትም እንደሌለ አሳየ። የተጻፈው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ያ ከሆነ ገንዘቡ የዋጋው አካል እንጂ የመውጫ በር አይደለም፤ ሻጩ 100 ሺውን ይዞ ዝም ከማለት ይልቅ ቀሪውን ክፈለኝ ብሎ ሊከሰኝም ይችላል አለ። 4ኛው ተመልሶ መጣ። የተጻፈው ቃል ብቻ ሳይሆን የተዋዋዮቹ ሐሳብም ይታያል ብሎ ተከራከረ። ሁለቱ አራት አምስት ጊዜ ተመላለሱ። አክብሮቱ አልጎደለም፣ ግን እያንዳንዱ መልስ ከበፊቱ አጠር እያለ ሄደ።

7ኛው መንግሥት እዚህ ውል ውስጥ ምን አገባው ብሎ ጠየቀ። ጠበቃው ከድሮ ውል ጸሐፊዎች የወረስናት ልማድ ናት ብሎ አለፈው። 8ኛው ደግሞ 2017 ላይ የተፈረመ ውል 2005 ዓ.ም. ምን አመጣው፣ 1731ስ ማን ነግሦ ነበር አለ። አንዱ ቀበል አድርጎ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነበሩ፣ ቪትዝ ግን አልገባም ነበር ብሎ መለሰለት። ሠላሳ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ቁጥሮቹ የሕግ ቁጥሮች ናቸው፦ 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው የሚለው፣ 2005 የተጻፈ ውል ማስረጃነቱን የሚናገረው። ይህን ያስረዳው ጠበቃው ነው፤ ከሳቁ በኋላ ማንም አላነበበለትም።

9ኛው ከሐይቅ ከተማ ነው። ስለ ሕጉ ምንም አላለም። መኪናው አውቶማቲክ ነው ወይስ ማንዋል፣ የባለቤቱ ስልክስ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። 10ኛውና 11ኛው ወረዱበት። ሰው ተጨንቆ እያለቀሰ አንተ ገበያ ትወጣለህ ዓይነት ነው። እኔም በልቤ ታዝቤው ነበር። በኋላ አፈርኩ።

ከ12 እስከ 15 ያሉት አቅጣጫውን ቀየሩት። 12ኛው መካኒክ ነው፤ ጸጸትህን ትተህ ጉድለት ፈልግ ዓይነት ምክር ሰጠኝ። ማየት ያለብኝን ዘረዘረ። መሄድ ያለብኝ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው፤ ባለቤቱ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቀኝ መጠርጠር ነው። ኮፈኑን አስከፍቼ የዘይት መሙያውን ክዳን መገልበጥ፤ ሥሩ ሻይ በወተት የመሰለ አረፋ ከያዘ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ጋስኬት አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማስነሳትና ውኃው ያለማቋረጥ አረፋ ያወጣ እንደሆነ ማየት። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በሮቹ ላይ ማስኬድ፤ የማይዝበት ቦታ ላሜራው በስቱኮ ተሞልቷል። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት። 13ኛው እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተካከለ። በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ክዳኑ ሥር ጥቂት አረፋ ቢይዝ የግድ ቴስታታው ተበላ ማለት አይደለም፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግም አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። መካኒኩ ትክክል ነህ አለው። በዚህ የመልሶች ክር ውስጥ ሰው ትክክል ነህ የተባለው ያኔ ብቻ ነው።

14ኛው ቪትዝን ከሥሩ ነቀለው። አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ደሴ ደግሞ 2 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ስለዚህ 70 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርስ 50 ገደማ ይቀረዋል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ያለቅሳል አለ። 15ኛው ተቆጣ። እሱ በዚሁ በአንድ ሺህ ሲሲ አምስት ሰውና ለዐረፋ የተገዛ በግ ጭኖ ሐረጎን ወጥቷል። በጉ ከኋላ ነበር ወይስ ከፊት የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ ልተወው።

ከዚያ 16ኛው መጡ። አንቱ ብዬ ነው የምጽፈው፣ እዚያም ሁሉም አንቱ ብሏቸዋል። የዓሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፤ ዓሰብ እስከ ተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በባቲ በኩል ተመላልሰዋል። ስለ ቪትዝ ምንም አላሉም። ስለ ኤንትሬ፣ ስለ ድሮው የፊያት የጭነት መኪና ተረኩ። ጭነት ይዞ ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ ሲወጣ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎን በእግሩ ይከተል ነበር። መኪናው ከደከመው ታኮውን ከጎማው ኋላ ይወረውራል። ረዳቱ ደሴ ሲደርስ ከመኪናው ይልቅ እሱ ያልብ ነበር አሉ። 17ኛው አባቱ የዚያው መስመር ሹፌር እንደነበር ጽፎ ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቀ። አወቋቸው። ስልክ ተለዋወጡ። ባቲ ስትነሳ 18ኛው ስለ ሰኞ ገበያው፣ 19ኛው ደግሞ ስለ ቅኝቱ ቀጠለ፤ ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታ ስም ይዘው ሳለ ሌላው አገር ምን ይዟል የሚል ክርክር ተጀመረ። የኔ 100 ሺህ ብር ለግማሽ ቀን ተረሳ።

ያስታወሰችኝ 20ኛዋ ናት። ምላሷ ስለት ነው። ወንዶች መጀመሪያ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ሚስታችሁን ታያላችሁ፣ ከዚያ ሕግ ትጠይቃላችሁ አለች። ሻጩ ምን በደለ? እሱስ በዚህ ገንዘብ ያሰበው ነገር የለውም? አንድም ሰው እስካሁን ስለሱ እንዳልጠየቀ ቆጥራ ጻፈች። መለስ ብዬ አየሁ፤ እውነት ነው፣ አልጠየቀም። አልመለስኩላትም።

21ኛው የራሴ ነው። ረቡዕ ጠዋት አንድ የማውቀው መካኒክ ይዤ ወረድኩ። ሰውየው ሞተሩን አላሞቀም፤ በር ከፍቶ ቁልፉን ሰጥቶን ቡና ሊያስፈላ ገባ። ክዳኑ ሥር ንጹሕ ነው። ዘንጉ ንጹሕ ነው። ራዲያተሩ ጸጥ አለ። የሻንሲው ቁጥር ልክ ነው። አንዱ ልክ በሆነ ቁጥር ሆዴ እየከፋው ሄደ። መኪና ደህና ሲሆን የሚያዝን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማግኔቱን እኔ ራሴ ያዝኩት። የፊት ቀኝ በር ያዘ። የፊት ግራ ያዘ። የኋላ ግራ በር ላይ፣ ከእጀታው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ማግኔቱ ተንሸራቶ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። እንደገና ሞከርኩ። ወደቀ። ልቤ ዘለለ። ስቱኮ! እዚያው ቆሜ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ፤ ያልተጋጨ ነው ብሎ ሸጦልኛል የሚል ጽሑፍ ጨምሬ። ቡናው እስኪቀርብ እንኳ አልጠበቅሁም።

22ኛው ወዲያው ማታለል ነው አለ፤ ቁጥር 1704ን ጠቀሰ፤ ካሳም ጭምር እንድጠይቅ መከረኝ። ደግሞ ሰው ተነሳ፣ ሻጩን የሚሳደብ በዛ። 23ኛው ግን የሚስቴ ወንድም ነው። ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ እሱ ነበር። ሻጩ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ፣ ያንን በር ባጃጅ ፍቆት እንዳስጠገነው በግልጽ ተናግሯል አለ። እኔ ያኔ ስልክ እያነጋገርኩ ነበር። አዎ፣ ነበርኩ። ያነጋገርኩት ደግሞ አንድ ጓደኛዬን ነው፤ መኪና ገዛሁ እያልኩት።

24ኛው መልስ ከአዲስ አካውንት መጣ። ሻጩ ነው። ስሙን ብሸፍንም ፎቶው ጥግ ላይ ወረቀቱን የያዘበት ጣቱና ቀለበቱ ይታይ ነበር። አልተሳደበም። እሑድ ዕለት ሌላ ሰው 1 ሚሊዮን 700 ሺህ እሰጣለሁ ብሎት፣ ቃሌ ካንድ የደሴ ሰው ጋር ነው ብሎ እንደመለሰው ጻፈ። ለሁለት ሰዓት ምንም አልጻፍኩም። ሻይ ቤት ተቀምጬ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ክሩ ተበጠበጠ። 25ኛው ሻጩን ደላላ ነህ አለው። 28ኛው እኔን ልጅ ነህ አለኝ። 26 እና 27 አሁን የሉም፣ ግሩፑን የሚያስተዳድረው ልጅ አጥፍቷቸዋል። ምን እንደነበሩ አንብቤያለሁ፤ መጥፋታቸው ጥሩ ነው።

29ኛው ገታ የቀራ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ ነው። ረዘም አድርጎ ጻፈ፣ እኔም ሁለቴ አነበብኩት። በሸሪዓ ገዢና ሻጭ ከተገበያዩበት ቦታ ሳይለያዩ መተው ይችላሉ፤ ለዕቃ ነውርም የተለየ ምርጫ አለ፤ ይህ ኺያር ይባላል። እኔ ተለያይቻለሁ፣ ነውሩም ተነግሮኛል። መብት የለኝም። ግን ሌላ ነገር አለ፤ ኢቃላ ይባላል። ገዢው ሲጸጸት ሻጩ በፈቃዱ ውሉን ማንሳት ነው። ሻጩ አይገደድም፤ ካደረገው ግን የተጸጸተን ሰው ውል ያነሳለትን አላህ ስሕተቱን ያነሳለታል የሚል ሐዲስ አለ። ቀብድ ማስቀረትም ሊቃውንት የተለያዩበት ጉዳይ ነው አለ። ጠበቃው እንኳ ሕጋችን ይህን ቃል ቢኖረው አልጠላም ብሎ ጻፈ። የገረመኝ ግን ደረሳው በመጨረሻ ለእኔ የጻፈው ነው። ኢቃላ የሚጠየቀው በልመና ነው፤ ማግኔት ይዞ አይደለም።

30ኛው ከአሜሪካ ነው። እዚያ በሦስት ቀን ውስጥ ማንኛውንም ግዢ መመለስ መብት ነው አለ። 31ኛውም ከዚያው ነው፣ አስተባበለው። የሦስት ቀኑ ደንብ ቤት ድረስ መጥቶ ለሸጠ ነጋዴና ለመሰሉ ነው እንጂ ሻጩ ቦታ ተሄዶ ለተገዛ መኪና አይሠራም። 32ኛው መሰረዝ ሞኝነት ነው ባይ ነው፤ በ2012 የኤክሳይዝ አዋጁ ያረጀ መኪና ላይ የጣለውን ግብር፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አንስቶ ዋጋው ገና ይወጣል አለ። 33ኛው እሱ ራሱ የሚሸጠው ቪትዝ እንዳለው አጋለጠው። ይህ ክርክር እስካሁን አላለቀም።

ሐሙስ ማታ ለሻጩ ደወልኩ። እዚህ የማልጽፈውን ብዙ ነገር ተናገርኩ። ጋሼ አልኩት፤ እስከዚያ ቀን አንተ እያልኩት ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና ሚስትህ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳቀ።

34ኛው የሱ ነው፣ ሁለት መስመር። በቀረው ቀን በዚያው ዋጋ የሚወስድ ሰው ከተገኘ 100ውን ሙሉ ይመልሳል። ካልተገኘ መኪናው ለቆመበት 20 ሺህ አስቀርቶ ቀሪውን ይሰጠኛል።

35ኛው ማን ይመስላችኋል? ያ የሐይቁ ሰው፣ 9ኛው። ስልኩን አሁን ልትሰጡኝ ትችላላችሁ ብሎ ጠየቀ። 10ኛውና 11ኛው ምንም አላሉም።

ከ36 እስከ 39 ለሱ የተሰጠ ምክር ነው። በውክልና እንዳይገዛ፤ አንዱ በውክልና ገዝቶ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ አክትሞ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ቦሎው የዓመቱ መሆኑን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ እንዳላለፈ፣ ባንክ የያዘው ዕዳ እንደሌለበት እንዲያጣራ። እሱ ሁሉንም እሺ አለ። አርብ ሦስታችን ኮምቦልቻ ተገናኘን። በሩን ራሴ አሳየሁት፣ ማግኔቱንም ሰጠሁት። የኔ ውል ተቀደደ፣ አዲስ ተጻፈ። ቀብድ የሚለው ቃል እንዲገባ ያስገደድኩት እኔ ነኝ፤ ለመንግሥት የምትለዋንም አስወጣኋት። 100 ሺህ ብሬ እዚያው በስልክ ገባልኝ። ደላላው ቅዳሜ የወሰደውን ኮሚሽን ግን አልመለሰም። ጭራሽ ከሐይቁ ሰውም ሌላ ወሰደ። 40ኛው መልስ ይህን የነገርኩበት ነው፤ ከክሩ ሁሉ ብዙ ሰው የተስማማበትም እሱ ነው።

41ኛው እሑድ ከሰዓት የመጣ ፎቶ ነው። ነጩ ቪትዝ ታጥቦ፣ ሐይቅ ዳር፣ ውኃው ከኋላው። የኋላ ወንበሩ ላይ ሦስት ሕፃናት አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል። የኋላ ግራ በሩ ወደ ካሜራው ነው፣ ስቱኮው የት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው እንኳ አይታይም።

ባለቤቴ ፎቶውን ላይክ አድርጋዋለች። እኔ ገና አላደረግሁም።